ፒ. ራምሊ፥ በአባቶች ወግና በአዲሱ ዘመን መካከል

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር ለሚታተመው ለዚህ መጽሐፍ የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ከመካከላችን አንዳንዶቹ የጦር ጀግና፥ ሌሎቹም የሳይንስ ሊቅ ይሁን ብለው ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው ግን ሰይፍ ባልታጠቀ፥ መድኃኒትም ባልቀመመ በአንድ የማላይ ዘፋኝና የሲኒማ ተዋናይ ነው። ወላጆቻችን ይህን ሲያነቡ፥ ልጆቻችንን ለትምህርት ብንሰድዳቸው የአዝማሪ ታሪክ ይጽፉ ጀመር ብለው እንዳያዝኑብን እንለምናለን። ይህ ሰው በፊልሞቹ ያሳየው በአባትና በልጅ፥ በቆየ ወግና በአዲስ ኑሮ መካከል የሚነሣውን ጠብ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ተማሪንም ወላጅንም የሚመለከት ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ምርጫችንን እንደማይነቅፍ ተስፋ አለን።

ሰውየው ፒ. ራምሊ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማላያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኝ፥ በግራና በቀኝ ባሕር የከበበው ረጅም ምድር ነው። ፒ. ራምሊ በተወለደበት ዘመን አገሩ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር ነበረ። በከተሞቹ ቻይናዎች፥ ሕንዶችና ማላዮች ተቀላቅለው ሲኖሩ፥ የሚበዛው የማላይ ሕዝብ ግን ካምፖንግ በሚባለው የገጠር መንደር ሩዝ እየዘራ፥ ዓሣ እያጠመደ፥ የጎማ ዛፍም እያደማ ይኖር ነበር። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ተደርገው የተሠሩ፥ ጣራቸውም በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ነበር። ኑሮው የሚመራው በእስልምና ሃይማኖትና አዳት ተብሎ በሚጠራው በአባቶች ወግ ነበር። ታላቅ ይከበራል፥ ታናሽ ይታዘዛል፤ ልጅ ሲያድግ የሚያገባትን የሚመርጡለት ወላጆቹ ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት ቤት፥ ራዲዮን፥ ባቡርና ሲኒማ ከከተማ እየተነሡ ወደዚያ መንደር ይገሠግሡ ነበር። እንግዲህ ፒ. ራምሊ ያደገው እነዚህ ሁለት ዓለሞች በሚገናኙበት ደጃፍ ላይ ነው።

የተወለደው ማርች 22 ቀን 1929 በፔናንግ ደሴት ነው። የተሰጠው ስም ተውኩ ዘካርያ ነበር። አባቱ ተውኩ ንያክ ፑቴህ በሱማትራ ደሴት ከምትገኘው ከአቼ አገር የመጣ መርከበኛ፥ እናቱ ቼ ማህ ደግሞ በፔናንግ ፊት ለፊት ባለው የየብስ ዳርቻ የተወለደች ናት። ተዋናዩ በኋላ ዝነኛ የሆነበት ስም ከአባቱ የተለየ አልነበረም፤ ከራምሊ በፊት የምትጻፈው ፊደል ፑቴህ የሚለውን የአባቱን ስም የምታስታውስ ናትና። ልጁ ወደ አዲሱ ኑሮ ምን ያህል ቢርቅም ያቺን አንዲት ፊደል ይዞ ሄደ።

በልጅነቱ በመጀመሪያ በማላይ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተማረ። በመጨረሻ የገባበት ፔናንግ ፍሪ ስኩል እ.ኤ.አ. በ1816 የተመሠረተ የታወቀ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን በ1941 መጨረሻ ጃፓኖች አገሩን ስለ ያዙት የተማሪዎቹ ሁሉ ትምህርት ተቋረጠ። ያ የጦርነት ዘመን እስከ 1945 ቆየ። ፒ. ራምሊም በጃፓኖች ትምህርት ቤት ገብቶ የጃፓንን መዝሙር ተማረ። ልቡን የሳበው ግን በየትም ቦታ ሙዚቃ ነበር። አራት ክር ባላት ኡኩሌሌ በምትባል ትንሽ መሣሪያ ጀምሮ ወደ ጊታርና ወደ ቫዮሊን ተሻገረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 የማላያ ራዲዮን በሰሜኑ ክፍል ላሉ ዘፋኞች ባዘጋጀው ውድድር አሸነፈ። ያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር።

በዚያ ዘመን መዝፈንና መጫወት ለጨዋ ልጅ የሚያስመርጥ ሥራ አልነበረም። ሰው በሠርግ ላይ ዘፋኙን ደስ ብሎት ይሰማዋል፤ በማግሥቱ ልጁን ለዘፋኝ ዳርልኝ ቢሉት ግን ፊቱን ያዞራል። ይህን ነገር ፒ. ራምሊ ገና በወጣትነቱ ያውቅ ስለ ነበር ይመስለናል፥ በኋላ በፊልሞቹ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣው።

የሕይወቱን መንገድ የለወጠው አጋጣሚ በ1948 መጣ። ቢ. ኤስ. ራጅሃንስ የሚባል ሕንዳዊ የፊልም አዘጋጅ፥ ቡኪት መርታጃም በምትባል ከተማ በተደረገ የእርሻ ትርኢት ላይ ይህ ወጣት ሲዘፍን ሰማው። ራጅሃንስ በ1933 የመጀመሪያውን የማላይ ተናጋሪ ፊልም ያዘጋጀ ሰው ነበር። ወጣቱንም ወደ ሲንጋፖር እንዲመጣ ጋበዘው። ፒ. ራምሊ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ከሰሜን ጫፍ ተነሥቶ የማላያን ምድር ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሲንጋፖር ገባ።

የሻው ወንድማማቾች የፊልም ሥራ ቦታ ጃላን አምፓስ በሚባል መንገድ ላይ ነበር። በዚያ ገንዘቡን የሚያወጡት ቻይናዎች፥ ፊልሙን የሚያዘጋጁት ሕንዶች፥ የሚጫወቱት ማላዮች ነበሩ። ፒ. ራምሊ መጀመሪያ የተቀጠረው ድምፁን እንዲያውስ ነው። «ቺንታ» ማለትም «ፍቅር» በተባለው የ1948 ፊልም ዋናው ተዋናይ ሩማይ ኑር አፉን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው የፒ. ራምሊ ዘፈን ነበር፤ እርሱ ራሱ ደግሞ በዚያው ፊልም የክፉ ሰው ቦታ ተሰጥቶት ተጫወተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1950 «ባክቲ» በተባለው ፊልም ዋና ተዋናይ ሆነ። ፊቱም ድምፁም የራሱ ሆነው በአንድነት የታዩት ያን ጊዜ ነው።

እርሱ ግን ተራውን ጠብቆ ተጫውቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አልነበረም። መብራቱ እንዴት እንደሚተከል፥ ካሜራው እንዴት እንደሚዞር፥ ፊልሙም እንዴት እየተቈረጠ እንደሚቀጠል ከባለሙያዎቹ አጠገብ ቆሞ ይመለከት ነበር። በዚህ ትጋቱ የማላይ ተወላጆች አዘጋጅ መሆናቸው ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ በ1955 የመጀመሪያ ፊልሙን እንዲያዘጋጅ ተፈቀደለት። እንግዲህ ዋናው ነገራችን ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ፊልም «ፔናሪክ ቤቻ» ይባላል። ቤቻ ማለት እግር እየረገጠ የሚነዳት፥ ሰው የምታመላልስ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ናት። አምራን የሚባል ድኻ ወጣት በዚህች ሥራ እናቱን ይጦራል። አዚዛ የምትባል የሀብታም ልጅ ትወድደዋለች፤ አባቷ ማርዙኪ ግን ድኻን የሚንቅ ስስታም ሰው ነው። አባት የሚያከብረው በልብሱ የዘመነ፥ በገንዘቡ የሚኮራ፥ ውስጡ ግን ወንበዴ የሆነ ሌላ ጎልማሳ ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንላለን። ክፉው ሰው አሮጌውን ወግ የያዘው አይደለም፤ መልካሙም አዲሱን ልብስ የለበሰው አይደለም። ፒ. ራምሊ ለተመልካቹ ያሳየው ሥልጣኔ በኮትና በክራቫት የማይለካ መሆኑን ነው። ፊልሙም በከተማና በገጠር ብዙ ተመልካች አገኘ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1956 ያዘጋጀው «ሰመራህ ፓዲ» የተባለው ፊልም ወደ ጥንቱ ገጠር ይወስደናል። በዚያች መንደር ሕጉ የሃይማኖት ሕግ ነው፤ ሹሙም በእውነት የሚፈርድ ሰው ነው። አዱካና ታሩና እንደ ወንድማማች የሚዋደዱ ሁለት ጎበዞች ናቸው። የመንደሩ ሹም ዳራ የምትባለውን ልጁን ለታሩና አጫት። አባት ይህን ሲያደርግ ጥሩ ሰው መርጦላታል፤ ልቧ ወደማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቃትም። ልቧ ያለው አዱካ ዘንድ ነበር። አዱካም ለጓደኛው ሲል ዝም አለ። ታሩና በሌለበት አንድ ሌሊት ሁለቱ በኃጢአት ወደቁ። ሹሙ ለገዛ ልጁ ሳያዳላ ሁለቱም መቶ መቶ ጅራፍ እንዲገረፉ አደረገ። ከቅጣቱ በኋላ ታሩና ይቅር ብሎ ለቀቀላቸውና ተጋቡ።

ይህን ታሪክ በመካከላችን ስንነጋገርበት ተጣልተናል ማለት ይቻላል። ገሚሶቻችን ሕግ ሕግ ነው፥ ልጆቹ አጥፍተዋልና ይገባቸዋል አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ አባት አንዲት ቃል ቢጠይቃት ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ አልን። ፒ. ራምሊ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ አልያዘም። ወጉን አላፌዘበትም፤ ጥፋቱን ጥፋት ብሎ ቅጣቱን በግልጥ አሳየ። ነገር ግን ቅጣቱ ካለፈ በኋላ መንደሩ እንደገና የቆመው በይቅርታ ነው። ከዚህም የተረዳነው፥ ወግ የሚጠነክረው ሲጠይቅና ሲሰማ እንጂ ጆሮውን ሲደፍን እንዳልሆነ ነው።

በዚሁ በ1956 ፋኒ ማጁምዳር የተባለ ሕንዳዊ ባዘጋጀው «አናክኩ ሳዛሊ» ማለትም «ልጄ ሳዛሊ» በተባለው ፊልም ፒ. ራምሊ አባትም ልጅም ሆኖ ተጫወተ። ሐሳን የተባለው እናት አባት የሌለው ወጣት ሙዚቃን ወዶ ወደ ሲንጋፖር ይሄዳል፤ በዚያም ስሙ ይገንናል። ያገባት ሚስቱ ማሃኒ ወንድ ልጅ ስትወልድ ትሞታለች። አባት ያን አንድ ልጅ ከመውደዱ የተነሣ የጠየቀውን ሁሉ ይሰጠዋል፥ ሲያጠፋ ይሸፍንለታል፥ አንድ ቀን እንኳ አይቈጣውም። ሳዛሊ አድጎ የወንበዴ አለቃ ይሆናል። በመጨረሻ አባት በእንባ ሆኖ ልጁን ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል። እንግዲህ በሰመራህ ፓዲ አባት ሳይጠይቅ በማዘዙ ያጠፋል፤ በዚህ ደግሞ ማዘዝን ፈጽሞ በመተዉ ያጠፋል። በዚህ ፊልም ምክንያት ፒ. ራምሊ በ1957 በቶኪዮ በተደረገው የእስያ የፊልም በዓል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ቀን ማላያ ነፃነቷን አገኘች።

በ1960 «አንታራ ዱዋ ደራጃት» ማለትም «በሁለት ማዕረግ መካከል» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚህ ውስጥ አንድ ድኻ ሙዚቀኛና አንዲት የመሳፍንት ወገን የሆነች ልጅ ይዋደዳሉ፤ ዘር ቈጣሪው አባቷ ግን ይለያያቸዋል። በ1962 ያወጣው «ኢቡ መርቱዋኩ» ማለትም «አማቴ» የተባለው ፊልም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። ሳባሪያህ የምትባል የአንዲት ባለጠጋ መበለት ልጅ ካሲም ሰላማት የተባለውን ሳክስፎን ነፊ በራዲዮን ሰምታ ትወድደዋለች። እናቲቱ ልጄን ለሙዚቀኛ አልሰጥም ትላለች፤ ልጂቱ እንቢ ስትል ጋብቻውን ፈቅዳ ከሀብቷ ትነቅላቸዋለች። ባልና ሚስቱ ወደ ፔናንግ ሄደው በድኽነት ይቸገራሉ። ሳባሪያህ በምትወልድበት ጊዜ እናቷ ወደ ሲንጋፖር ትወስዳትና ለካሲም ሚስትህ በወሊድ ሞተች የሚል የሐሰት መልእክት ትልክበታለች። ካሲም ከማልቀሱ ብዛት ዓይኑ ይጠፋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚያድነው ሐኪም የሳባሪያህ አዲስ ባል ሆኖ ይገኛል። ካሲምም እውነቱን ባወቀ ጊዜ የዳነለትን ዓይን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። የእናቲቱ ውሸት ልጇን ከድኽነት አውጥቶ ይሆናል፤ የልጇን ቤት ግን እስከ መጨረሻው አፈረሰ። በ1963 በቶኪዮ የፊልም በዓል ፒ. ራምሊ በዚህ ፊልም ብዙ ሙያ በአንድነት የያዘ ባለተሰጥዖ ተብሎ ተሸለመ።

ሰው ሁሉ የሚያለቅስበትን ብቻ ሠራ ማለታችን አይደለም። ከ1957 ጀምሮ ያወጣቸው ሦስት ላጤዎች የሚጫወቱባቸው የቡጃንግ ላፖክ ፊልሞች የሚያስቁ ናቸው። በሙዚቃም ከ200 የሚበልጡ ዘፈኖችን አቀናብሯል። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ የማላይን የጥንት ዜማ ከውጭ አገር ምትና መሣሪያ ጋር አጋባው። በፊልሞቹ ውስጥ የሚጣሉት አባትና ልጅ በዘፈኖቹ ውስጥ ታርቀው አብረው ተቀምጠዋል ብንል የተጋነነ አይሆንም። የገዛ ቤቱ ግን ሁልጊዜ ሰላም አልነበረውም፤ ሁለት ጋብቻ ፈርሶበት በ1961 ሳሎማ የተባለችውን ዘፋኝ አገባ። ከእርሷም ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ ኖረ።

አሁን ወደ ሕይወቱ ማታ እንመጣለን። በ1964 ሲንጋፖርን ትቶ ወደ ኩዋላ ሉምፑር ተዛወረና መርደካ በተባለው የፊልም ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። በዚያ ያለው መሣሪያ ከጃላን አምፓሱ ያነሰ ነበር። በዚህ መካከል የሕዝቡ ፍላጎት ተለወጠ። ከሆንግ ኮንግ፥ ከሕንድና ከሌላም አገር ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ የእርሱ ፊልሞች ጥቁርና ነጭ እንደ ሆኑ ቀሩ። ወጣቶችም በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወቱትን አዳዲስ ጓዶች ተከትለው የእርሱን ዜማ የአባቶቻችን ነው ብለው ተዉት። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ አስደንቆናል። በወጣትነቱ አዲሱን ዘመን ወደ መንደር ያስገባ ሰው ዕድሜው 40 ሳይሞላ አሮጌ ተባለ። በፊልሞቹ ውስጥ ልጅ ሆኖ የሽማግሌዎችን ንቀት የቀመሰው እርሱ፥ አሁን ሽማግሌ ተደርጎ የልጆችን ንቀት ቀመሰ።

እርሱ ግን መሥራቱን አልተወም። በኩዋላ ሉምፑር 18 ፊልሞች አዘጋጀ፤ የመጨረሻው በ1972 የወጣው «ላክሳማና ዶ ሬ ሚ» ነው። ሜይ 29 ቀን 1973 በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ዕድሜው 44 ዓመት ነበር። በኩዋላ ሉምፑር በጃላን አምፓንግ የእስላም መቃብር ተቀበረ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ የአገሩ ሕዝብ ያጣውን ያወቀው ከሞተ በኋላ ነው። በ1982 በኩዋላ ሉምፑር አንድ ትልቅ መንገድ በስሙ ተሰየመ። በ1986 ይኖርበት የነበረው ቤት መታሰቢያ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በ1990 ደግሞ ታን ስሪ የሚባለው ታላቅ ማዕረግ ተሰጠው። ይህ ሁሉ ክብር መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ቢደርሰው ኖሮ ምንኛ በተሻለ ነበር!

እኛ ይህን ታሪክ ስንጽፍ ስለ ራሳችንም ማሰባችን አልቀረም። ከመካከላችን ከገጠር የመጡ አሉ። ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ አባት በልጁ አነጋገር ይገረማል፥ ልጅም በአባቱ አሠራር ያፍራል። አንዱ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብሎ ይቈጣል፤ ሌላው አባቴ ዘመኑን አያውቅም ብሎ ያጕረመርማል። ሁለቱም በአንድ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቃል አይሰማም። ከፒ. ራምሊ ሕይወትና ሥራ የተማርነው ይህ ዝምታ አደገኛ መሆኑን ነው። በማርዙኪ፥ በዳራ አባትና በሳባሪያህ እናት ቤት ጥፋት የገባው አሮጌው ወይም አዲሱ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ማንም ማንንም ስላልጠየቀ ነው።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆቻችንን የምንለምነው፥ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቁን ብለን ነው፤ ስናጠፋም እንደ ሳዛሊ አባት ዝም አትበሉን። እኛም ተማሪዎቹ የቀደሙትን ሰዎች አሮጌ ብለን ከመተዋችን በፊት ተራው ነገ የእኛ መሆኑን እናስብ። ዛሬ አዲስ የሆነው ሁሉ በልጆቻችን ዘንድ አሮጌ ይባላልና። ያን ቀን ልጆቻችን ቁጭ ብለው ያዳምጡን እንደ ሆነ የሚታወቀው እኛ ዛሬ ቁጭ ብለን ባዳመጥነው መጠን ነው።